ያለ አፈር በውኃ የሚያድግ ሰላጣ ሥሩ እንዳይበሰብስ እንዴት እንደሚያዝ

ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ሥሩን ዘርግቶ የቆመ ሰላጣ ቀትር ላይ ውኃ እንደተጠማ ጠውልጎ ሲገኝ፣ ብዙ ሰው ውኃ ወይም ማዳበሪያ ለመጨመር ይቸኩላል። ጉድለቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአየር ነው። ሥርም ይተነፍሳል፤ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ሲያንሰው ውኃና ማዕድን መሳብ ያቅተዋል፣ በደከመው ሥር ላይም ፒቲየም የተባለው ሻጋታ መሰል ተሕዋስ በቀላሉ ይሠለጥናል።

ሥራው የሚጀምረው ከባልዲው ምርጫ ነው። ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳን ያለውና ብርሃን የማያሳልፍ ባልዲ ያዘጋጁ። ብርሃን ከገባ አልጌ ይበቅላል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ደግሞ ለሥሩ የሚሆነውን ኦክስጅን ይሻማል። የስልክዎን መብራት አብርተው ባዶው ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡና ክፍሉን አጨልመው ይመልከቱ፤ ጎኑ ፍም መስሎ ከታየ ውጩን ጥቁር፣ ሙቀት እንዳይስብም በላዩ ነጭ ቀለም ይቀቡት። እኔ የመጀመሪያውን ባልዲዬን ሳልፈትን ተክዬበት በሁለተኛው ሳምንት ውስጡ እንደ ኩሬ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን ትንሽ የአየር ፓምፕ ይግጠሙ፤ የቱቦውን ጫፍ አረፋ ከሚበትነው ድንጋይ ጋር አያይዘው ባልዲው ግርጌ ላይ ያሳርፉ። ፓምፑ ከውኃው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተስቦ ሊያበላሸው ይችላልና። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን እኔ ከፓምፑ ይልቅ የምተማመነው በአየር ክፍተቱ ነው። ችግኙ ገና ሲተከል ውኃው የመትከያውን ኩባያ፣ ማለትም በክዳኑ ቀዳዳ ላይ ተቀምጦ ችግኙን የሚይዘውን ባለ ቀዳዳ ኩባያ፣ ታች ይንካ፤ ሥሩ ረዝሞ ሲወርድ ከኩባያው በታች ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። በዚህ እርጥብ ክፍተት ውስጥ ያለው የሥሩ ክፍል በቀጥታ ከአየር ይተነፍሳል። ውኃ ሲጎድል ባልዲውን እስከ አፉ መሙላት አየር የለመደውን ሥር ማስጠም ነው።

የውኃው ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን ይመረጣል። በባሕር ጠለል ከፍታ አንድ ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ወደ 7.5 ይወርዳል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ መጠኑ ከዚህም በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ አገሩ ደጋ ነው ብሎ ፓምፑን መተው አያዋጣም። ውኃው ከሞቀ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ በውኃ ሞልተው፣ በረዶ አድርገው፣ ከነክዳኑ ይንከሩበት።

ውኃውን በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ይለውጡ፤ የአሲድነቱ መለኪያ የሆነው ፒኤችም ከ5.5 እስከ 6.5 ባለው መካከል ይቆይ።

ክዳኑን እያነሡ ሥሩን መመልከትም ከሥራው አንዱ ነው። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ወተት መሳይ ነው፤ ቡናማ መሆኑ ብቻውን ግን አያስደነግጥም፣ ማዳበሪያም ያቀልመዋልና። ሥሩን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያድርጉት፦ የበሰበሰ ከሆነ ዝልግልግ ያለው ልባሱ ተገፎ እጅዎ ላይ ይቀርና ክር የመሰለ ቀጭን ውስጡ ይታያል፤ ሽታውም የረግረግ ነው። እንዲህ ያለውን ሥር በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ፣ የቀረውን በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፣ አሮጌውን ውኃ ይድፉ። ባልዲውን፣ ቱቦውንና ድንጋዩን በቀጠነ በረኪና አጥበው ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁ። አዲሱን ውኃ ከተለመደው ማዳበሪያ በግማሹ ያዘጋጁ፤ የቀረው ጥቂት ሥር ሁሉንም ቅጠል መመገብ ስለማይችል የታችኞቹን ቅጠሎች ይቀንሱ። ነጭ ሥር ጨርሶ ያልቀረለትን ተክል ግን፣ ቢያሳዝንም፣ ከሌሎቹ ጋር ወደ አንድ ውኃ አይመልሱት።