ዝናቡ ሳያባራ፦ የዲስቶፒያ ልቦለድ መክፈቻ አጻጻፍ

ስለ ጨለመ መጪ ዘመን ለወጣቶች ስጽፍ የመጀመሪያውን ረቂቅ በአራት ገጽ ታሪክ ጀመርኩት። አገሩን ማን ያዘው፣ አዋጁ መቼ ወጣ፣ ጦርነቱ እንዴት አለቀ። ታናሽ እህቴ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አስቀመጠችው። ልክ ነበረች።

አሁን የምጀምረው ከአንድ ክልከላ ነው። አንባቢው በየቀኑ የሚነካውን ነገር ከልክሉት። እኔ ያደግኩት ጅማ ነው፤ ስለዚህ ቡናን ከለከልኩ። ጅማ ላይ ቡና ወንጀል ከሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ክልከላው በምን እንደሚጋለጥ አስቡ። ቡና ሲቆላ ይሸታል፤ ሲወቀጥ ይሰማል። የክረምት ዝናብ ግን ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው እንኳን አይሰማም። መክፈቻዬን ያገኘሁት ከዚህ ነው። ተራኪዋ 16 ዓመቷ ነው፦

«ዝናቡ ሳያባራ መጨረስ አለብኝ። አያቴ አልጋዋ ላይ ሆና ሦስት ጣቷን ታሳየኛለች። እስከ በረካ የሚበቃ ትፈልጋለች። ዘነዘናውን አነሳሁ። ዝናቡ ቀጥ አለ።»

ዓመተ ምህረት የለም፣ የአዋጅ ቁጥር የለም። ግን ልጅቷ ምን እንደምትፈራና ለማን ብላ እንደምትደፍር ገብቶናል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የጥበቃ ማማ ላደርገው በጣም ጓጉቼ ነበር። ለምዕራፍ ሁለት አቆየሁት። የመጀመሪያው ትዕይንት ከማድ ቤት አይውጣ።

አገዛዙ ጨካኝ ነው ብላችሁ አትጻፉ። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ትልቅ መሣሪያ አለው። 20 ዓመት ያልሞላው ጠባቂ በር ከፍቶ አያቷን «አንቺ፣ ተነሺ!» ይበላት። «እርስዎ» የጠፋበት አገር ምን እንደሚመስል በአንድ ቃል ይታያል። እኔ ይህንንም ቆየት አድርጌ ነው ያመጣሁት።

ምክንያቱም ዝናቡ እንደቆመ በር ከተንኳኳ ሁሉም አንባቢ ይጠብቀዋል። አምስት አማራጭ ጽፌ ጣልኩ። ስድስተኛው ላይ ልጅቷ ትንፋሿን ውጣ ስታዳምጥ፣ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ። ዱም። ጎረቤትም ሲወቅጥ ኖሯል፤ እሱን ደግሞ ዝናቡ ቀድሞት አባራ። ትመልስለት? ዝም ትበል?

ዘነዘናው ገና እጇ ላይ ነው። ምዕራፉን እዚያው ቁረጡት።