የአይሁድ እምነት በጥንቱና በመካከለኛው ዘመን የተጓዘበትን መንገድ በካርታ ላይ እንዴት እናስተምር?

ጅማ ላይ ታሪክ ስናስተምር የአይሁድ እምነት እንዴት ተስፋፋ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ የተማሪው ሐሳብ ቶሎ ወደ ሰባኪና ወደ ንጉሥ ይሄዳል። ይህ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ከአያቶቹ የሰማው ታሪክ እንዲያ ነውና። እስልምና ወደ ጊቤ አገሮች ከነጋዴዎችና ከሸኾች ጋር መጣ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ቀዳማዊ አባ ጅፋር ሲቀበሉት ቤተ መንግሥቱ፣ ቀጥሎም ሕዝቡ ተከተለ። የአይሁድ እምነት ግን በአብዛኛው የተጓዘው በሰባኪ ሳይሆን ከሕዝቡ ጋር ነው። ሰው ሲማረክ፣ ሲሰደድ፣ ሲነግድና ለወታደርነት ሲቀጠር ሕጉንና መጽሐፉን ይዞ ሄደ፤ የሌላ ሕዝብ ሰውም አልፎ አልፎ ከዚያ ማኅበር ተቀላቀለ። ከዚህ በታች የማቀርበው ይህን ልዩነት ተማሪው በእጁ እየነካ እንዲረዳው ያደረገልኝን የአሠራር ዘዴ ነው።

ሁለት ሜትር ያህል ካኪ ወረቀት፣ ማርከርና በአካባቢያችን የማይጠፋ ቡና ያዘጋጁ። ቡናው ሦስት ዓይነት ይሁን፦ ጀንፈል፣ ጥሬና የተቆላ። ጀንፈል ተማርኮ ወይም ተሰዶ ለመጣ ማኅበር፣ ጥሬው በንግድ ወይም በሥራ ለሄደ፣ የተቆላው ደግሞ ከሌላ ሕዝብ ወደ እምነቱ ለገባ ሰው ምልክት ይሆናል። በወረቀቱ ላይ ከስፔን እስከ ቻይና ያለውን ምድር በግርድፉ ይሳሉ፤ የዛሬውን የአገሮች ወሰን ትተው የሜዲትራንያንን ባሕር፣ ዓባይን፣ ኤፍራጥስንና ጤግሮስን፣ ቀይ ባሕርን፣ የሕንድን ጠረፍ፣ ካስፒያንንና ራይን ወንዝን ያስገቡ። ጅማንም በነጥብ ያመልክቱ፤ ተማሪው ከየት ቆሞ እንደሚመለከት ማወቁ ይጠቅመዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በወረቀቱ ጥግ ላይ ይጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ ክርክሩ በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ላይ ያልቃል።

በመጀመሪያው ዓመት እኔ ራሴ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ከኢየሩሳሌም ወደ አራቱም ማዕዘን የሚወጡ ቀስቶችን ሣልሁ፤ ተማሪዎቹም አይሁድ ሁሉ በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ በሮማውያን ሲቃጠል በአንድ ጊዜ እንደ ተበተኑ አድርገው ተረዱ። ይህ የተሳሳተ ነው፤ ከዚያ ዓመት በፊት በባቢሎን፣ በግብፅ፣ በታናሿ እስያና በሮም ሰፋፊ ማኅበሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቀስት አልፈቅድም። አንድ ፍሬ በካርታው ላይ ከመቀመጡ በፊት ተማሪው መቼ፣ በምን ምክንያትና በምን ማስረጃ የሚሉትን ጥያቄዎች ይመልሳል፤ ማስረጃ የሌለው ፍሬ በመዳፉ ውስጥ ይቆያል።

ሥራውን ከባቢሎን ይጀምሩ። አሦር ሰማርያን በ722 ቅ.ል.ክ. (ከክርስቶስ ልደት በፊት) ያዘ፤ ናቡከደነፆር በ597 ንጉሡን ኢኮንያንንና ብዙ ሹማምንትን ማርኮ ወሰደ፤ በ586 ደግሞ ኢየሩሳሌምን አፈረሰ። ቂሮስ በ538 አካባቢ መመለስን ቢፈቅድም ብዙዎች እዚያው ቀሩ፤ ይህን ተማሪዎች ሲሰሙ ይገረማሉ። በኒፑር ከተማ የተገኙት የሙራሹ ቤተሰብ የሸክላ ሰሌዳዎች በአምስተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የአይሁድ ስም ያላቸው ሰዎች መሬት ሲኮናተሩና ውል ሲዋዋሉ ያሳያሉ። ምርኮኛው የአገሬው ገበሬና ተዋዋይ ሆኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ ጊዜ ሊሰጡበት የሚገባው ቦታ ኤለፋንቲን ነው። በአስዋን አጠገብ በዓባይ መካከል ባለችው በዚህች ደሴት ለፋርስ መንግሥት የሚያገለግሉ አይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር፤ «ያሆ» ብለው ለሚጠሩት አምላካቸውም ቤተ መቅደስ ሠርተው ነበር። በ410 ቅ.ል.ክ. ክኑም የሚባለው የግብፃውያን ጣዖት ካህናት ከአካባቢው ሹም ጋር ተባብረው ቤተ መቅደሱን አፈረሱት። ማኅበሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ለይሁዳ ገዥ ለባጎሂ በአራማይክ የጻፈው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ማቅ ለብሰው እንደ ጾሙ፣ ዘይት እንዳልተቀቡና ወይን እንዳልጠጡ፣ አስቀድሞም ለኢየሩሳሌሙ ሊቀ ካህናት ጽፈው መልስ እንዳላገኙ በዝርዝር ይናገራሉ። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ቀስ ብለው ይተርኩትና ተማሪዎቹን ይጠይቁ፦ መሥዋዕት በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን የሚል ሕግ በኦሪት ዘዳግም ካለ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ሌላ ቤተ መቅደስ ሠሩ? ሠርተውስ ለምን ወደ ይሁዳ ይጽፋሉ? ከኢየሩሳሌም ርቆ በራሱ ልማድ የሚኖር ማኅበር፣ በችግሩ ቀን ግን ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም እንደሚመልስ ተማሪው ከዚህ በተሻለ የሚረዳበት ቦታ አላገኘሁም።

እስክንድርያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ግን አይለፍ። በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የተጀመረው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ኦሪትን በግሪክ አስነበበ፤ የግእዙ ብሉይ ኪዳንም በአብዛኛው የተተረጎመው ከዚሁ ነው። ከዚሁ ዘመን ጀምሮ በግብፅ የጸሎት ቤቶች በድንጋይ ጽሑፍ ይታወቃሉ። ምኵራብ መሠዊያ አይሻም፤ መጽሐፉና የሚያነበው ማኅበር ካሉ በየትኛውም ከተማ ይቆማል። ቤተ መቅደሱ ከጠፋ በኋላ እምነቱ አብሮ ያልጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተቆላውን ቡና ለማስቀመጥ በዛሬዋ የኢራቅ ከተማ በኤርቢል ዙሪያ የነበረችውን ትንሽ መንግሥት አዲያቤኔን ይምረጡ። የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፈስ እንደሚተርከው በአንደኛው መቶ ዓመት ዓ.ም. ሐናንያ የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ የንጉሥ ሴቶችን አስተምሮ በእነርሱ በኩል አልጋ ወራሹን ኢዛጥስን አገኘው፤ እናቱ ንግሥት ሄለናም በሌላ መምህር አማካይነት ለብቻዋ አምና ነበር። ኢዛጥስ ሲነግሥ ልገረዝ ቢል ሐናንያ ሕዝቡ እንዳይነሣ ፈርቶ ከለከለው። ከገሊላ የመጣው አልዓዛር ግን ንጉሡን ሕጉን ሲያነብ አግኝቶት፣ ማንበብ ብቻ ሳይሆን የታዘዘውን መፈጸም እንደሚገባ ነገረው፤ ንጉሡም ተገረዘ። እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ የተቆላ ይላል። ሁለቱንም ያስቀምጡ፤ መንገዱን የከፈተው ነጋዴ፣ የገባበት ደግሞ የአገሬው ንጉሥ ነውና። በግድ የገባ መኖሩም ይነገር፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. መጨረሻ ገደማ የይሁዳ ገዥ ዮሐንስ ሂርቃኖስ ኤዶማውያንን ተገረዙ ወይም ውጡ ብሏቸዋል።

ስለ ደቡብ ዓረቢያ ሲያስተምሩ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ የክርስቲያንም የሙስሊምም ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ነው የሚሰማው። የሂምያር ነገሥታት ከ380 አካባቢ ጀምሮ በጽሑፎቻቸው የብዙ አማልክትን ስም ትተው አንዱን የሰማይ ጌታ ብቻ ጠሩ፤ የአይሁድ እምነትም በቤተ መንግሥቱ ሥር ሰደደ። የአይሁድን እምነት ይከተል የነበረው የሂምያር ንጉሥ ዮሴፍ ዘኑዋስ በ523 የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ፤ አፄ ካሌብም በ525 ባሕር ተሻግረው ድል አደረጉት። ይህ የአንድ ንጉሥ ሥራና የሁለት መንግሥታት ጦርነት መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ የአንድ እምነት ተከታዮች ሁሉ የሚከሰሱበት አይደለም።

ስለ ቤተ እስራኤል ሲነሳ ራሳቸው የሚጠሩበትን ይህን ስም ይጠቀሙ። ኦሪትን በግእዝ ያነባሉ፤ የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መድብል የሆነውን ታልሙድን ግን አያውቁም ነበር፤ የፑሪምና የሐኑካ በዓላትም አልነበሯቸውም። አመጣጣቸውን አንዳንድ ሊቃውንት ከጥንት ስደተኞች፣ ሌሎች ደግሞ በመካከለኛው ዘመን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተፈጠረ ማኅበር ያያይዙታል። ስለዚህ በሰሜንና በጎንደር አካባቢ የሚቀመጠው ጀንፈል ይሁን የተቆላ ተማሪዎቹ በማስረጃ ይከራከሩበት፤ መምህሩ ግን አይፍረድ።

የመካከለኛው ዘመን ዋና ነገር ደብዳቤ ነው። በባቢሎን የነበሩት የሱራና የፑምቤዲታ ጉባኤ ቤቶች ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ በነጋዴ እጅ ለሚመጣ ጥያቄ በጽሑፍ ይመልሱ ነበር፤ የሱራው ሊቅ ረቢ አምራም በዘጠነኛው መቶ ዓመት ሙሉውን የጸሎት ሥርዓት ጽፈው ወደ ስፔን ልከዋል። የእስልምና መንግሥታት ያን ሁሉ አገር በአንድ ቋንቋና በአንድ ገበያ ስላገናኙት ጥሬ ቡናው በዚህ ዘመን በብዛት ይበተናል። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ በካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ ምኵራብ የተገኘው የአሮጌ ጽሑፎች ክምር ነው። የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም በሚል ልማድ ለዘመናት ተከማችቶ፣ ከ1896 እስከ 1897 ሊቁ ሰሎሞን ሼክተር ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያጓጓዘው ብቻ 190,000 ያህል ቁራጭ ነው። የተቀደደ የቁርኣን ገጽ መሬት እንዳይወድቅ አንስቶ ግድግዳ ውስጥ የሚሸጉጥ አያት ያለው የጅማ ልጅ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በክምሩ ውስጥ የአብርሃም ቤን ዪጁ ደብዳቤዎች አሉ፤ የቱኒዝያ ተወላጅ ሲሆን በ12ኛው መቶ ዓመት በሕንድ ማላባር ጠረፍ ለብዙ ዓመታት ኖሮ የነሐስ ዕቃ ያሠራ፣ በኤደን በኩልም ይነግድ ነበር። ከዚያ ወዲያ በቻይና ካይፌንግ በ1163 ምኵራብ ተሠርቷል።

ካዛሮች ጋ ሲደርሱ የአባ ጅፋርን ታሪክ መልሰው ያንሱ። በካስፒያን ሰሜን የነበረው የዚህ መንግሥት ቤተ መንግሥት በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ዓመት የአይሁድን እምነት ተቀበለ፤ በ837/8 የተመታና ሙሴ የእግዚአብሔር መልእክተኛ ነው የሚል የብር ገንዘብም በስዊድን ጎትላንድ ደሴት ተገኝቷል። ነገር ግን ሕዝቡ እንደ ጅማ በጅምላ አልተከተለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ ጸንቷል።

አውሮፓ ላይ ጀንፈሉ ይበዛል። በኮሎኝ አይሁድ መኖራቸው ከ321 የቆስጠንጢኖስ ትእዛዝ ይታወቃል፤ የሽፓየር ጳጳስ በ1084 ከተማዬን ያለሙልኝ ብሎ ጠራቸው፤ በ1096 የመስቀል ጦረኞች በራይን ከተሞች ፈጇቸው። ከእንግሊዝ በ1290፣ ከፈረንሳይ በ1306፣ ከስፔን በ1492 ተባረሩ፤ ፖላንድ ግን በ1264 የካሊሽ ደንብ ጥበቃ ሰጥታቸው ነበርና ብዙዎች ወደዚያ አመሩ። የተቆላው ፍሬ በዚህ ዘመን ለምን እንዳነሰ ተማሪው መጠየቁ አይቀርም፤ ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የክርስቲያን ነገሥታት ሕግ፣ በኋላም የሙስሊም መንግሥታት ሕግ ሰው ወደ አይሁድ እምነት እንዳይገባ ስለ ከለከለ ነው።

ባለፈው ጊዜ አንዲት ተማሪ ወደ እምነቱ የገባ ሰው ከገባ በኋላ ለምን ሌላ ቀለም እንደሚሰጠው ጠየቀችኝ። ታላቁ የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ቤን ማይሞን (1138–1204) አብድዩ ለተባለ አዲስ አማኝ የጻፉትን መልስ ነገርኋት፤ «የአባቶቻችን አምላክ» ብለህ መጸለይ ይገባሃል፣ በአንተና በእኛ መካከል ልዩነት የለም ብለውታል። እርሷም ዝም ብላ አዲያቤኔ ላይ ካለው የተቆላ ፍሬ ጎን፣ ለኢዛጥስ ልጆች ብላ፣ ሌላ ፍሬ አኖረች፤ ጥሬ ነበር። እኛም አሁን የምናደርገው እንዲሁ ነው፤ የተቆላው ለመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ነው።