በደብዛዛ ብርሃን የተነሣን የብራና ምስል ከኖይዝ ማጽዳት

በመንዝም ሆነ በአንኮበር ደጋ የብራና መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚነሡት መስኮቱ ጠባብ በሆነ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ፍላሽ ካልተበራ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ጥቂት ስለሚሆን፣ በምስሉ ላይ ኖይዝ የሚባለው የዘፈቀደ መዋዠቅ ጎልቶ ይታያል። ወደ ስሌቱ ከመሄድዎ በፊት ካሜራውን በመቆሚያ ላይ አስረው አንዱን ገጽ 4 ጊዜ ያንሡና አማካዩን ይውሰዱ፤ ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል። ካሜራው ራሱ ያለሰለሰውን ሳይሆን ጥሬውን ፋይል ይጠቀሙ።

የቀረውን ኖይዝ የሚያነሣው ሬጉላራይዜሽን ነው። ስሌቱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሻል፦ የጸዳው ምስል ከተነሣው ብዙ እንዳይርቅ፣ በአጎራባች ፒክስሎች መካከልም ያለምክንያት መዋዠቅ እንዳይኖር። የሁለቱን ሚዛን የሚወስነው ቁጥር ላምዳ ይባላል፤ ላምዳ ሲጨምር ማለስለሱ ይበረታል። የቲኮኖቭ ዘዴ የአጎራባች ፒክስሎችን የብርሃን ልዩነት ካሬ ይቀጣል፤ ስለዚህ ከብራና ወደ ቀለም በአንድ እርምጃ 10 የሚዘል ጠርዝ 100 ሲያስከፍል፣ ያው ዝላይ በ10 እርምጃ ቢዘረጋ 10 ብቻ ያስከፍላል፤ ስሌቱም ርካሹን መርጦ ፊደሉን ያደበዝዛል። ሩዲን፣ ኦሸርና ፋተሚ በ1992 ያቀረቡት ቶታል ቫሪዬሽን ግን ፍጹም ልዩነቱን (ካሬ ሳይደረግ፣ ምልክቱ ሳይታይ መጠኑን ብቻ) ስለሚቀጣ ሁለቱም እኩል 10 ናቸው፤ ስለታም ጠርዝ ከተዘረጋው የበለጠ አይቀጣበትም። ለጽሑፍ ገጽ ይህን እመርጣለሁ።

ላምዳን በዓይን ግምት አይምረጡ። በተከታታይ ከተነሡት ሁለቱን ምስሎች አንዱን ከሌላው ቀንሰው፣ ባዶ ህዳግ ላይ የልዩነቱን መደበኛ ልይይት (ከአማካዩ የመዋዠቁን መጠን) ያስሉና ለ1.414 ያካፍሉት፤ የብራናው የራሱ ሸካራነት በመቀነሱ ጊዜ ስለሚጠፋ የሚያገኙት የአንዱን ምስል ኖይዝ ብቻ ነው። የ4 ምስሎችን አማካይ የሚያጸዱ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለ2 ያካፍሉ። ከዚያ ከተነሣው ምስል የጸዳውን ሲቀንሱ የሚገኘው ቀሪ ምስል በዚህ መጠን እስኪዋዥቅ ድረስ ላምዳን ከፍና ዝቅ ያድርጉ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ከሆነ ሳይኪት-ኢሜጅ የተባለው የኮድ ስብስብ ቶታል ቫሪዬሽንን የሚያሰላውን የሻምቦልን ስልት ይዟል፤ በዚያ ላምዳ weight (ክብደት) በሚለው ስም ይገባል።

ቁጥሩ ቢገጥምም ቀሪ ምስሉን አጉልተው ሳይመለከቱ አይለፉ። የፊደል ቅርጽ ከታየበት ስሌቱ ጽሑፍም አብሮ ወስዷል ማለት ነው፤ ላምዳውን ይቀንሱ። በእኛ ፊደል ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የትንሿ ጭረት ቦታ ብቻ ነውና፣ ያቺ ከጠፋች ንባቡ ይለወጣል። በቀይ የተጻፉትን የቅዱሳን ስሞች ደግሞ በአረንጓዴው ወይም በሰማያዊው የቀለም ክፍል ይመርምሩ፤ በቀዩ ክፍል ቀይ ቀለም ከብራናው ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

ሥዕል ያለበትን ገጽ ለብቻው ያጽዱ። ቶታል ቫሪዬሽን ቀስ በቀስ የሚደምቅን የፊት ጥላ ወደ ደረጃ ደረጃ ይቆርጠዋልና፣ በዚያ ላይ ላምዳውን አነስተኛ ማድረግ ይሻላል። ጥሬውን ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ የተጠቀሙበትን ላምዳም ከጸዳው ፋይል ጋር ይመዝግቡ።