አስፕሪኑ በፌሪክ ክሎራይድ ሐምራዊ ሲሆን

አስፕሪን ለመሥራት የተቀላቀሉት፦ 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ፣ 5 ጠብታ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ። ምርቱ ነጭና ያማረ ነበር፤ 1% ፌሪክ ክሎራይድ (የብረት ጨው መፍትሔ) ጠብ ሲልበት ግን ሐምራዊ ሆነ። ይህን ቀለም የሚያመጣው ብረቱ ከፊኖል ሃይድሮክሲል (ከቤንዚን ቀለበት ጋር ከተያያዘ OH) ጋር ሲተሳሰር ነው፤ አስፕሪን ላይ ያ ሃይድሮክሲል በአሴቲል ተይዟል። ስለዚህ በምርቱ ውስጥ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ ማለት ነው።

ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው። እርጥብ ፍላስክ ውስጥ ያለው ውሃ አንሃይድራይዱን ይበላዋል። ክሪስታሉን በፈላ ውሃ ማጥራት ደግሞ ኤስተሩን (አሴቲሉ የተያዘበትን ትስስር) መልሶ ይሰብረዋል (ይህን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል)።

የሠራው፦ ፍላስኩን በደንብ ማድረቅ፣ በ50–60 ዲግሪ ሴልሺየስ 15 ደቂቃ ማሞቅ፣ ክሪስታሉን በ6 ሚሊ ሊትር ሞቅ ያለ ኢታኖል አሟምቶ 20 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ መጨመር፣ ሳይነካኩ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ ማኖር። በድጋሚ ሲፈተሽ ሐምራዊው አልታየም።