ከፎቶ ሣር መለየት ሲያቅት፦ ከጦሳ ተራራ እስከ ቦርከና ወንዝ

ፎቶው «ሣር ነው» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም

ቆሞ ወደ ታች ከተነሳ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ለአንድ ሣር ሦስት ፎቶ አንሱ፦ ሙሉውን ከነአበቃቀሉ፣ ዛላውን፣ ቅጠሉ ከአገዳው የሚላቀቅበትን መጋጠሚያ። ሦስተኛውን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈርደው ግን እሱ ነው። ቅጠሉን በቀስታ ወደ ውጭ ሳብ ስታደርጉት ከውስጥ በኩል ስስ ሽፋን ወይም የፀጉር መስመር ብቅ ይላል፤ ሊጉል የሚባለው ይህ ነው። ሰርዶና ዋሪያት መሬት ለመሬት ሲሄዱ አንድ ይመስላሉ። የሰርዶ ሊጉል ግን አጫጭር ፀጉር ነው፣ የዋሪያት ስስ ሽፋን። ዛላ ካወጡማ ይቀላል፦ የሰርዶ ጣት መሰል የዛላ ቅርንጫፎች ከአንድ ነጥብ ይዘረጋሉ፣ የዋሪያት በዘንጉ ላይ ከፍና ዝቅ ብለው ይወጣሉ።

ማሳ ውስጥ ያለው ስናር ይሁን ገብስ አልታወቀም፣ ዛላም አልወጣም

እዚያው መጋጠሚያ ላይ «ጆሮ» ፈልጉ፤ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጎን የሚወጣ ትንሽ ቅጥያ ነው። የገብስ ረጅም ነው፣ አገዳውን አቅፎ ይሻገራል። የስንዴ አጭርና ፀጉራም ነው። ስናር ጆሮ የለውም። እንክርዳድን ከስንዴ ለመለየት ግን ዛላውን ጠብቁ፦ የእንክርዳድ ዘለላዎች ዘንጉ ላይ በጠርዛቸው ይቀመጣሉ፣ የስንዴ በሰፊ ጎናቸው።

ዛላው ደብዝዞ ከኋላው ያለው ድንጋይ ጠርቷል

ካሜራው ቀጭኑን ዛላ አልፎ ሄዷል። መዳፍ ወይም የደብተር ወረቀት ከኋላው አድርጉ፣ ስክሪኑ ላይ ዛላውን ተጭናችሁ ያዙ። በጣም ከተጠጉት ብዙ ስልክ አይጠራም፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ 2 እጥፍ ማቅረብ ይሻላል። ማስመሪያ አብሮ ይግባ።

ዕፅዋትን ከፎቶ የሚለየው የስልክ አፕ የማይመስል የውጭ ሣር ስም ይሰጣል

ቦታውን አላወቀም ይሆናል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ያንሳል፣ የቦታ መረጃውም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኩ። ከፍታውንም ጻፉ፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500፣ ሣሩም አብሮ ይለያያል።

ከየትኛውም ሣር ጋር አልገጥም አለ

ሣር ላይሆን ይችላል። ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ እንኳ ከሣር ወገን አይደለም። ግንዱን በጣት አንከባሉት፤ ባለሦስት ማዕዘን ከሆነና አንጓ ከሌለው የቄጠማና የእንግጫ ዘመድ ነው። ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ፊት አንሱ።

ሰንበሌጥ ላይ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ዝርያዎቹ የሚለዩት በጥንድ ዛላዎቹ ላይ ያሉትን ጺሞች ቆጥሮ ጭምር ነው። አንድ ነቅላችሁ ጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይድረቅ፤ ቀን፣ ቦታና ከፍታ ጻፉበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ካልቀየራችሁት ይሻግታል።