ቮልሷ ዳገት ላይ ስትጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚያወጣው ዳገት የቮልስን ሕመም ሁሉ ያጋልጣል። እኔ በየቀኑ እመላለስበታለሁ። ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር አስተውሉ፦ መኪናዋ የጠፋችው ግላ ነው ወይስ ቀዝቅዛ?

ችግር፦ ጠዋት ወዲያው ትነሳለች። ዳገቱን ወጥታ ትንሽ ስትቆም ግን አልነሳም ትላለች። ግማሽ ሰዓት ካረፈች ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች።

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ቤንዚን ፓምፑም እዚያው ሞተሩ ላይ ነው የታሰረው። ከፍታ ላይ ደግሞ ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። ቱቦው እንፋሎት ሲሞላ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። የጋለ ኮይልም (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ይህንኑ ጠባይ ያመጣል። ለመለየት አንድ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት ሰጪ) ፍቱና ገመዱ ላይ መልሳችሁ ሰኩት። ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክታችሁ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ ካለ ግን በፍጹም አትሞክሩት። ደህና እሳት ከሰጠ ችግሩ ነዳጁ ጋ ነው። ካልሰጠ የእሳቱን ክፍሎች፣ ኮይሉንና ኮንደንሰሩን እዩ።

መፍትሄ፦ መንገድ ላይ ከሆናችሁ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጉ። ዋናው መፍትሄ ግን ሞተሩን ዙሪያውን የሚከብቡት ቆርቆሮዎችና ክፍተቱን የሚያሽገው ጎማ ናቸው። ከታች የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው። ሞተር ወርዶ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። የእኔዋ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ጎድሎ ኖሮ በጋውን ሙሉ ፓምፕ ስቀያይር ከረምኩ። ቆርቆሮዎቹን አሠርቼ ካስገባሁ ወዲህ ዳገት ላይ ጠፍታብኝ አታውቅም።

ችግር፦ ጉልበት የላትም፣ ጭሷ ጥቁር ነው፣ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ። ካልተሻላት ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለ ቀይሩ። ከዚያ በላይ አትሂዱ፤ አዳማ ስትወርዱ ቤንዚን አንሷት ሞተሩ ይግላል። የቫልቩንም ክፍተት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስለኩ። በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካውም ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው።

ችግር፦ እየሄዳችሁ የዲናሞው ቀይ መብራት በራ።

ወዲያው ቁሙ! ዲናሞውን የሚያዞረው ችንጋ (ቀበቶ) ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያው ችንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፋንም ስለሚያዞር "ቤት ልድረስ" የሚባል ነገር የለም። መለዋወጫ ችንጋ መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ። በአውራ ጣት ስትጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት።

የቤንዚን ቱቦውን ደግሞ ዛሬውኑ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት። ከተሰነጠቀ ሳትቀይሩ ሞተር አታስነሱ። ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው።