ሩልስ ገብቶ የእንግሊዝን የድሮ ምግብ እንዴት ማዘዝና መብላት ይቻላል?

ለንደን ውስጥ አንጋፋው ምግብ ቤት ሩልስ ነው። ቶማስ ሩል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1798 ኮቨንት ጋርደን ሰፈር፣ ሜደን ሌን ላይ ከፈተው። ሲጀምር ኦይስተር፣ ማለትም ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ የሚበላበት ቤት ነበር። ወንበሩ ቀይ፣ ግድግዳው በድሮ ሥዕልና በአጋዘን ቀንድ የተሞላ ነው። ዋጋው አይቀመስም። ከገባችሁ አይቀር አዋቂ ሆናችሁ እዘዙ።

መጀመሪያ ቦታ አስይዙ፤ ደህና ልብስም ልበሱ። ቀኑን ስትመርጡ ጾም መሆን አለመሆኑን እዩ። የእንግሊዝ ወጥ ቤት ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ ሞራ አይንቀሳቀስም።

ሜኑው ሲመጣ «ፑዲንግ» የምትለዋ ቃል እንዳታሳስታችሁ። አንዳንዴ ጣፋጭ ናት፣ አንዳንዴ ሥጋ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቂጣ ቢጤ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የሥጋውን እዘዙ፤ ስቴክ ኤንድ ኪድኒ ፑዲንግ። የበሬ ሥጋና ኩላሊት ተቆራርጦ በሊጥ ይሸፈናል። ሊጡ የሚሠራው በቅቤ ሳይሆን በሞራ ነው፤ ያው ኩላሊቱን ከብቦ የሚገኘው ጠጣር ነጭ ስብ። ሞራው ተፈርፍሮ ከዱቄት ጋር ይታሻል። ከዚያ ሁሉም ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ በእንፋሎት ለሰዓታት ይበስላል። ኦቨን አይገባም፤ ኦቨን የሚገባው ዘመዱ ፓይ ነው። ዝግ ብሎ ስለሚበስል ጠንካራው ሥጋ ይለሰልሳል፣ መረቁም ውስጡ ይቀራል። ሲቀርብላችሁ ቶሎ አትጉረሱ፤ አፍ ያቃጥላል። አናቱን በሹካ ክፈቱና እንፋሎቱ ይውጣ። ከዚያ ሊጡን መረቁ ውስጥ እየነከራችሁ ብሉ። ፍትፍት ላይ ያደገ ሰው እዚህ ላይ አስተማሪ አይፈልግም።

አንዳንዴ ኦይስተር ይጨመርበታል። ድሮ ለንደን ውስጥ ኦይስተር የድሃ ምግብ ስለነበር ሥጋው እንዲበረክት ይከቱት ነበር። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማትበሉ ከሆነ፣ ከማዘዛችሁ በፊት አስተናጋጁን ጠይቁ።

ቂጣ ቢጤው ዮርክሻየር ፑዲንግ ነው፤ ከሮስት ቢፍ (ኦቨን ውስጥ ከተጠበሰ የበሬ ሥጋ) ጋር ይበላል። ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት ተመትቶ የጋለ ስብ ላይ ሲፈስ ጠርዙ ይነፋል፣ መሃሉ ጎድጎድ ይላል። ጎድጓዳው የግሬቪ፣ የሥጋው መረቅ፣ ቦታ ነው። ሥጋው መሃሉ ቀይ ሆኖ ቢመጣ የክትፎ አገር ሰው አይደነግጥም። የእንግሊዞቹ ቢጫ ሰናፍጭ ግን የሆት ዶጉ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እንደኛው ሰናፍጭ አፍንጫ ይሰረስራል፤ በቢላ ጫፍ ይበቃል።

በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 6 ጀምሮ የግራውስ አደን ይከፈታል። ግራውስ ቆቅ የምትመስል የዱር ወፍ ናት። በጥይት ስለምትገደል የእርሳስ ፍንጣሪ ሥጋዋ ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቀስ ብላችሁ አኝኩ። ባርኮ ያረዳት ሰውም የለም። ይህ ቅር የሚላችሁ ከሆነ እለፏት።

ለመጠጥ ብላክ ቬልቬት አለ፤ ጊነስ የሚባለው ጥቁር ቢራና ሻምፓኝ ተቀላቅሎ። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሞት ሻምፓኙም ጥቁር ይልበስ ተብሎ የተጀመረ ነው ይባላል። ኤል የሚባለውን የእንግሊዝ ቢራ ካዘዛችሁ ደግሞ እንደ ድራፍት በረዶ ሆኖ አይመጣም፤ ጋዙም ትንሽ ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት፣ እንዲያ ነው የሚጠጣው።

ጣፋጩ ፑዲንግ ከባድ ነው። ስቲኪ ቶፊ ካገኛችሁ፣ ከቴምር የሚሠራው፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሒሳቡን ስትቀበሉ ታችኛውን መስመር አንብቡ። ለንደን ውስጥ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮ ነው የሚመጣው። ሳታዩ ጉርሻ ከጨመራችሁ ሁለቴ ከፈላችሁ።